ሰፈር ውስጥ ካሜራ ማውጣት

በአዲስ አበባ የቆዩ ሰፈሮች ካሜራ አንጠልጥሎ የገባ ሰው «ለምንድን ነው የምታነሣን?» ይባላል። ተከትሎም «ድህነታችንን ልትሸጠው ነው?» ይመጣል። ጥርጣሬው ከሜዳ የበቀለ አይደለም። የ1966ቱን የወሎ ረሃብ በጆናታን ዲምብልቢ ፊልም፣ የ1977ቱን በመሐመድ አሚን ካሜራ ያየው ዓለም ለዓመታት አገሪቱን የሚያውቃት በዚያው ምስል ነበር። ፎቶ አንሺዋ አይዳ ሙሉነህ እ.ኤ.አ. በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስት የተባለውን የፎቶ ፌስቲቫል ስትመሠርት አንዱ ሙግቷ ከዚህ ምስል ጋር ነበር።

ሕጉስ? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሚከለክለው ማንሣቱን ሳይሆን፣ የሰውን ምስል ያለፈቃዱ በአደባባይ መስቀልን፣ ማባዛትንና ለሽያጭ ማቅረብን ነው። አንቀጽ 28 ደግሞ ሰውየው ታዋቂ ወይም ባለሥልጣን ከሆነ፣ ምስሉ ለፍትሕ፣ ለሳይንስ፣ ለባህል ወይም ለትምህርት ካስፈለገ፣ ወይም በሕዝብ ፊት ከተደረገ ነገር ጋር ከተያያዘ ፈቃድ አያስፈልግም ይላል።

ይህ የመጨረሻው ነው ሰፈር ውስጥ የሚያስቸግረው። በ1967 በአዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶች ሲወረሱ፣ ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ለቀበሌ ተሰጡ። ቤተሰቡ በዛ፣ ክፍሉ ግን ያው ነው። ስለዚህ ልብስ ማጠቡ፣ ሽንኩርት መክተፉ፣ ሕፃን ማጠቡ፣ ቡናው፣ የለቅሶ ድንኳኑ ሁሉ ደጅ ወጣ፤ ቦኖውና መጸዳጃውም የጋራ ነው። ደጇ ላይ ሹሩባ የምትሠራ ሴት ለሕጉ መንገድ ላይ ናት፤ ለራሷ ግን ቤቷ ውስጥ ተቀምጣለች። እኔ የእሷን አስበልጣለሁ። ባለቪላው በግንብ አጥር ያገኘውን ከለላ እሷ በአንድ «እባክሽ፣ ላንሣሽ?» ብታገኝ አይበዛባትም።

ሰፈርተኛው ደግሞ ፎቶ ጠል አይደለም፤ የክርስትናው፣ የሠርጉና የምርቃቱ ፎቶ ግድግዳው ላይ ተደርድሯል። ቅር የሚለው ሳይጠየቅ መነሣቱና የተነሣውን አለማየቱ ነው።

በ2016 የፒያሳው ዶሮ ማነቂያ፣ በ2017 ደግሞ ካዛንቺስ ሲፈርሱ ጉዳዩ ሌላ መልክ ያዘ። ትናንት «ምን ያደርግልሃል?» የተባለበት ፎቶ አሁን የጉልቱንና የቡና ጎረቤቱን መልክ የያዘ መረጃ ሆኗል። ይህ ግን የፈቃዱን ጥያቄ አላቀለለውም። በአንቀጽ 29 ምስሉ ያለፈቃዱ የተሰቀለበት ሰው ይውረድልኝ ማለት ይችላል፤ መጀመሪያ ግን መሰቀሉን መስማት አለበት። ከካዛንቺስ ተነሥተው ገላን ጉራ ለገቡ እናት፣ ምስላቸው ውጭ አገር አዳራሽ ውስጥ መሰቀሉን፣ ያኔ ስልካቸውን ያልተቀበለ ፎቶ አንሺ በምን ይነግራቸዋል?