የደጅ አግዳሚና ቀለሙ

ክረምት ሲወጣ በአዲስ አበባ፣ በአቃቂ ቃሊቲ ከየሻይ ቤቱ ደጃፍ የተደረደሩትን አግዳሚ ወንበሮች ገልብጦ ያየ ሰው፣ የቀለም ሥራ ከየት እንደሚበላሽ ይገባዋል። መቀመጫው ገና ያብረቀርቃል፤ የእግሮቹ ጫፍ ግን ጠቁሯል፣ ቀለሙ ተልጧል፣ እንጨቱም በጥፍር ሲነካ ይፈረፈራል። ቀቢው የደከመው ለዓይን በሚታየው ገጽ ነው፤ ውሃው የገባው ከሥር ነው።

ዛፉ በቁሙ ሳለ ውሃ ሲያመላልሱ የነበሩት ቀጫጭን ቱቦዎች፣ ጣውላው ሲቆረጥ ጫፉ ላይ አፋቸውን ከፍተው ይቀራሉ። ስለዚህ እንጨት ከጎኑ ይልቅ በጫፉ በብዙ እጥፍ ፈጥኖ ውሃ ይመጥጣል። ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ደርቆ የጠነከረ የዘይት ቀለም ግን አብሮት መለጠጥ ስለማይችል ይሰነጠቃል። በስንጥቁ ሌላ ውሃ ይገባል።

የአካባቢው አየርም አያግዝም። አዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል፤ ከዚያ የበጋው ፀሐይ ይከተላል። አቃቂ ከመሀል ከተማዋ ዝቅ ያለ ቦታ ቢሆንም ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ያልፋል። አልትራቫዮሌት ጨረር ደግሞ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ 10 በመቶ ገደማ ይበረታል። ይህ ጨረር የእንጨቱን ቃጫዎች አጣብቆ የያዘውን ሊግኒን ይበላል። መልክ ያሳምራል ተብሎ የሚቀባው ተራ ቫርኒሽ ብርሃኑን ስለሚያሳልፍ፣ ሥሩ ያለው እንጨት ይሞትና ቫርኒሹ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሳል። ለደጅ ዕቃ ድፍን ቀለም ይሻላል።

እንጨቱስ? ጽድ ብስባሴንም ምስጥንም ይቋቋማል፤ በእጅ የሚገኘው ግን በአፄ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ነው። እርጥቡን ከቀቡት ቀለሙን ተሸክሞ ይሰነጠቃል፤ ጥላ ሥር፣ ነፋስ እያገኘው ወራት መቆየት አለበት። ለአጥር እንጨት የለመድነው የተቃጠለ የሞተር ዘይትም እዚህ አይሆንም፤ ዘይት በጠጣ እንጨት ላይ ቀለም አይዝም።

ሥራው ራሱ ረቂቅ አይደለም፤ ትዕግሥት ነው የሚጠይቀው። በ80 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ይታሻል፣ በ120 ይለሰልሳል፣ አቧራው ይጠረጋል። የመጀመሪያው ቅብ በአኳራጅ ቀጠን ይላል፤ የእግሮቹ ጫፍም መጠጣት እስኪያቆም ደጋግሞ ይቀባል። ቀዳዳ የሚደፈነው ለደጅ እንጨት በተሠራ ስቱኮ ነው፤ የቤት ውስጥ ግድግዳው ስቱኮ ዝናብ ሲነካው ይሟሟል። ከዚያ ሁለት ስስ ቅብ፣ በመካከላቸው አንድ ቀን። ወፍራም አንድ ቅብ የሚቀባ ሰው ጊዜ ያተረፈ ይመስለዋል፤ ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ሆኖ ይቀርና ይሸበሸባል። ጥሩው ወቅት ከጥቅምት ጀምሮ ነው፤ ጥሩው ሰዓት ደግሞ ጤዛው ከደረቀ በኋላ፣ ፀሐይ ሳይከር፣ ጥላ ውስጥ።

አሮጌ አግዳሚ የሚያድስ ሰው ግን አንድ ነገር ይጠንቀቅ። የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው ደንብ ቁጥር 429 በቀለም ውስጥ የሚፈቀደው እርሳስ ከአንድ ሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ ተደንግጓል፤ ከዚያ በፊት የተቀባው ስንት እንደያዘ በዓይን አይለይም። እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። እባክዎ አሮጌውን ቀለም በደረቁ አይፈቅፍቁት፤ በውሃ አርጥበው ይሹት፣ ልጆችን ያርቁ፣ ፍቅፋቂውን ሰብስበው ያስወግዱ።