ተሳቢ ቤት ይዞ በፀደይ ወደ ሮኪ ተራሮች

ኤስቲስ ፓርክ የምትባለው የኮሎራዶ ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 2,293 ሜትር ላይ ናት፤ ከፍታዋ ከአዲስ አበባ ብዙም አይለይም። ቁጥሩን አይቶ የአዲስ አበባን አየር የሚጠብቅ ግን ይሳሳታል። ቦታው ከምድር ወገብ 40 ዲግሪ ወደ ሰሜን ርቋል፤ በሜይ ወር ቀኑን በስስ ሹራብ የዋለ ሰው ሌሊት በረዶ ሊወርድበት ይችላል። ዝቅ ብላ ያለችው ዴንቨር እንኳ ከወራት ሁሉ ብዙ በረዶ የምታገኘው በማርች ነው። በዴንቨርና በአውሮራ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ከኤስቲስ ፓርክ አጠገብ ያለው የሮኪ ማውንቴን ብሔራዊ ፓርክ ቅርብ ነውና በፀደይ መውጣት ያምራል። ልጆች ይዞ ለሚወጣ ከድንኳን ይልቅ ተሳቢ ቤት እመርጣለሁ።

ተሳቢ ቤት የራሱ ሞተር የለውም። ከፒክአፕ ኋላ ይታሰራል፤ አልጋ፣ ምድጃ፣ ማቀዝቀዣ፣ መጸዳጃና ማሞቂያ አለው። ቦታው ሲደርስ ይፈታል፤ መኪናው ለሽርሽር ነፃ ይሆናል።

አዲስ ሰው ብርዱን ይፈራል። እኔ አብልጬ የምፈራው ክብደቱን ነው። ከተሳቢው ጠቅላላ ክብደት ከ10 እስከ 15 ከመቶ የሚሆነው የመኪናው መንጠቆ ላይ ማረፍ አለበት፤ 2,500 ኪሎ ለሚመዝን ቤት ከ250 እስከ 375 ኪሎ ማለት ነው። ከባዱ ዕቃ ወደ ኋላ ከተጫነ ቤቱ መንገድ ላይ እንደ እባብ መጥመልመል ይጀምራል። ያኔ የመኪናውን ፍሬን መርገጥ ነገሩን ያባብሳል፤ ከነዳጁ እግርን አንስቶ፣ መሪውን ቀጥ አድርጎ፣ ከሹፌሩ አጠገብ ባለው መቆጣጠሪያ የተሳቢውን ፍሬን ብቻ በእጅ መያዝ ይሻላል። ዳገቱ ደግሞ ሞተሩን ያደክማል፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 ከመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ቢሆንም ዳገት ቢያዘገይ ነው፤ አደጋው ያለው ቁልቁለቱ ላይ ነው። ፍሬን ሳያቋርጡ ከረገጡት ግሎ እምቢ ይላል። ስለዚህ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ፍጥነት ቀንሶ ወደ ከባድ ማርሽ መግባት፣ ፍሬኑንም ረገጥ ለቀቅ እያደረጉ መውረድ ነው።

በፓርኩ አብዛኞቹ የካምፕ ቦታዎች መብራትና ውሃ ወደ ተሳቢው አይዘረጋም። ማሞቂያው በፕሮፔን ይሠራል፤ ፕሮፔን እስከ 42 ዲግሪ ከዜሮ በታች ስለሚተን የተራራው ብርድ አያስቸግረውም። የሞቀውን አየር የሚገፋው ማራገቢያ ግን ኃይል የሚያገኘው ከባትሪ ነው። ባትሪው ሌሊት ካለቀ ጋዝ ሞልቶም ቤቱ ይቀዘቅዛል፤ አስቀድሞ ባትሪውን ማስፈተሽ ግድ ነው። ውሃው በቧንቧ ውስጥ በረዶ ከሆነ መጋጠሚያውን ይሰነጥቃል። በኤፕሪል የሚወጣ ሰው ቧንቧዎቹን ደረቅ ትቶ በጀሪካን ውሃ ቢይዝ እመክራለሁ፤ 1 ሊትር 1 ኪሎ መሆኑንም ጭነት ሲያሰላ አይርሳ።

ቡና ለማፍላት ከሰል ወደ ውስጥ ፈጽሞ አይግባ። በተዘጋ ጠባብ ቤት ውስጥ ጭሱ ባይታይም ካርቦን ሞኖክሳይድ ይገድላል። የጋዙን ማስጠንቀቂያ ደወል ከመነሳታችሁ በፊት ሞክሩት፤ ቡናው ውጭ ይፈላ። ውሃ እዚያ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፣ እንደ አዲስ አበባው፤ ባቄላና ምስር ከቆላ ይልቅ ጊዜ ይወስዳሉ።

ድቦች በፀደይ ከዋሻቸው ተርበው ይወጣሉ። ወጡም፣ ንጥር ቅቤውም፣ የቆሻሻ ከረጢቱም ማታ ውጭ አይደር፤ በሩና መስኮቱም ይዘጋ። ኤልክ የሚባለው ትልቅ አጋዘን በሜይ መጨረሻና በጁን ይወልዳል፤ እናቲቱ ለግልገሏ ስትል ሰው ታጠቃለችና ቢያንስ 23 ሜትር ራቁ። ልጆችን ለፎቶ አታስጠጉ።

ትሬይል ሪጅ የሚባለው አውራ መንገድ እስከ 3,713 ሜትር ይወጣል፤ ክረምቱን ተዘግቶ ከርሞ ብዙ ጊዜ የሚከፈተው በሜይ መጨረሻ ነው። እሱን ለማየት የሚሄድ ሰው ከዚያ በፊት አይነሳ። የካምፕ ቦታ ሲያዝም የተሳቢው ርዝመት ለቦታው መብቃቱ ይታይ፤ ሁሉም ቦታ ረጅሙን አያስተናግድም።

በመነሻችሁ ቀን ጠዋት የአየር ትንበያውንና የመንገዱን ሁኔታ ተመልከቱ። በረዶ ከተባለ ጉዞውን ለሚቀጥለው ሳምንት አዛውሩት።