ልጆች ይዞ ሐይቅና አምባሰል፤ “ይቻላል” ወይስ “የግድ”?

ሕግ የተማረ አባት ያላቸው ልጆች ያሳዝናሉ። ሽርሽራቸው እንኳ በአንቀጽና በንዑስ አንቀጽ ነው የሚታቀደው። በጥር 2011 ዓ.ም. የመጀመሪያውን የቤተሰብ የገጠር ጉዞ ወደ ደቡብ ወሎ ሳዘጋጅ ሁለት ገጽ ፕሮግራም ጽፌ፣ አባዝቼ ለባለቤቴና ለሁለቱ ልጆቼ አደልኩ። ዓርብ ከአዲስ አበባ ተነስቶ ሐይቅ ማደር፣ ቅዳሜ ጠዋት ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም፣ ከሰዓት በኋላ ውጫሌና የአምባሰል ተራራ ግርጌ፣ እሑድ መመለስ። ይህ ሁሉ እንግዲህ ከታክሲ ፌርማታ ርቀው በእግራቸው ሄደው ለማያውቁ የከተማ ልጆች ነው!

የሆነውን ልንገራችሁ። ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የሐይቅ ከተማ ደግሞ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ጣርማ በር ላይ ጉም ያዘን። የሰባት ዓመቱን ልጄን የደብረ ሲና ጠመዝማዛ ቁልቁለት አስመለሰው። ሐይቅ ስንደርስ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሆኖ ነበርና ውሃውን ያየ የለም። በማግስቱ ወደ ገዳሙ ሄድን። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት ይህ ታላቅ ገዳም የወንዶች ገዳም ስለሆነ ሴት አይገባበትም። ይህንን አውቅ ነበር? አውቅ ነበር። ለባለቤቴና ለ11 ዓመቷ ሴት ልጄ ነግሬያቸው ነበር? አልነገርኳቸውም። እኔና ወንዱ ልጄ ገብተን አንድ ሰዓት ተኩል ስንቆይ እነሱ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጠበቁን። ስንመለስ ልጄ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ፤ “አባዬ፣ እኔን ለምን አመጣኸኝ?”

መልስ አልነበረኝም። ከሰዓት በኋላም ፕሮግራሙ ስለሚል ብቻ ውጫሌ ሄድን። እዚያ ደግሞ የሕግ ሰው ዝም አይልም። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክና በኢጣሊያ መንግሥት መካከል የተፈረመው ውል፣ በአንቀጽ 17 የአማርኛ ቅጂው ምኒልክ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ላላቸው ጉዳይ በኢጣሊያ መንግሥት በኩል መላላክ “ይቻላቸዋል” ሲል፣ የኢጣሊያንኛው ግን ይህንኑ ግዴታ እንዳደረገው፣ ክርክሩም የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ እንዳደረሰ ቆሜ አስረዳሁ። ባለቤቴ አዳመጠችኝና “ያንተም ፕሮግራም እኮ የጣሊያንኛው ቅጂ ነው” አለችኝ።

እውነቷን ነው። ለጀማሪ ቤተሰብ የገጠር ጉዞ ዋናው ሕግ ይኸው ነው፤ በዕቅዱ ላይ ያለው ነገር ሁሉ “ይቻላል” እንጂ “የግድ” መሆን የለበትም። ከፕሪቶሪያው ስምምነት በኋላ መንገዱ ጋብ ባለበት በጥር 2015 ዓ.ም. ለሁለተኛ ጊዜ ስንሄድ ዕቅዱን ያወጣችው ሴት ልጄ ነበረች። ከእሷ የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ ጊዜውን እንምረጥ። ትምህርት ቤት ረዥም ጊዜ የሚዘጋው በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ ወሎ ላይ ደግሞ ዋናው ዝናብ ያኔ ነው። ጭቃውና ጎርፉ ለጀማሪ አይሆንም። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ደረቅ ወቅት ይሻላል፤ ከየካቲት ወዲያ የበልግ ዝናብ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ የሚመቸው የጥር መጨረሻ የመንፈቅ ዓመት ዕረፍት ነው። ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ነውና ቀን ፀሐዩ፣ ሌሊት ብርዱ ይፈትናል። ባርኔጣና ወፍራም ሹራብ አብረው ይያዙ።

ሁለተኛው መንገዱ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ተነስቶ ኮምቦልቻ ወይም ደሴ ማደር፣ ወደ ሐይቅ በማግስቱ መሄድ። በሌሊት አለመንዳት። መኪና የሚያጥወለውለው ልጅ ካለ ከፊት ወንበር ባይሆንም አሻግሮ መንገዱን በሚያይበት ቦታ ይቀመጥ፤ ከባድ ቁርስም አይብላ። ረዥሙን መንገድ ለማሳጠር እኛ የማሪቱ ለገሠን “አምባሰል” ከፍተን ነበር። የቅኝቱ ስም ሊያዩት ከሚሄዱት ተራራ ጋር አንድ መሆኑን ሲሰሙ ልጆች ተራራውን በጉጉት ይጠብቁታል።

ሦስተኛው የእግር ጉዞው ነው። ኪሎ ሜትሩን የሚወስነው የትንሹ ልጅ እግር ነው። በመጀመሪያው ቀን በሐይቁ ዳር ሜዳ ሜዳውን አንድ ሰዓት ብቻ፣ የአገሩን ልጅ መሪ ይዞ፤ ልጆቹ ካልደከሙ በማግስቱ ሁለት ሰዓት። አምባሰልን ጀማሪ ከታች ሆኖ ያየዋል እንጂ ገደሉን አይሞክረውም። ግሸን ማርያምም እዚያው አምባሰል ወረዳ ናትና “እግረ መንገዳችንን” የሚል አይጠፋም። መስከረም 21 ቀን ከሚጎርፈው ምእመን ጋር ሕፃን ይዞ አቀበቱን መውጣት ግን ራሱን የቻለ ጉዞ ነው፤ ከሽርሽር ጋር አይደረብም።

አራተኛው ውሃው ነው፤ እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ሐይቁ ከ80 ሜትር በላይ የሚጠልቅ ቦታ አለው። ጀልባ ላይ ከመውጣታችሁ በፊት ለእያንዳንዱ ልጅ በልኩ የሕይወት አድን ጃኬት መኖሩን በዓይናችሁ እዩ። እኔ ስጠይቅ አንዱ ባለጀልባ “አብሽሩ ጋሼ” አለኝ። አብሽሩ ደስ የሚል የወሎ ቃል ነው፤ ጃኬት ግን አይሆንም። ጃኬት ያለውን ሌላ ጀልባ ጠብቀን ተሳፈርን። መዋኘትና ዳር ዳሩን እግር ነክሮ መጫወትም ይቅር። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት በሐይቅ ከተማ የአንጀት ብልሃርዝያ መኖሩን አረጋግጧል። ትሉ በውሃ ውስጥ ካለ ቀንድ አውጣ ወጥቶ በቆዳ ነው የሚገባው። ልጃችሁ ውሃው ከነካው ወዲያው ምልክት ባይታይበትም ከተመለሳችሁ ከሳምንታት በኋላ ጤና ተቋም አስመርምሩት፤ ሕክምናው ቀላል ነው። ከዚያ ውጭ ሐይቁ በረከት ነው። ትኩስ የቆሮሶ ጥብስ ይበሉ፤ እሾሁን ግን ለልጆች እናንተ ልቀሙላቸው።

አምስተኛው የገዳሙ ጉዳይ ነው። ሥርዓቱ የገዳሙ ነው፤ እኛ የምናስተካክለው የራሳችንን ፕሮግራም ነው። ከቤት ሳትወጡ ለሴቶቹ ንገሩ፤ ለእነሱም በዚያው ሰዓት እኩል ደስ የሚል ነገር አዘጋጁ። በሁለተኛው ጉዟችን እኔና ልጄ ገዳም ስንገባ፣ እናትና ልጅ ዓሣ አጥማጆች መረብ ሲስቡና የውሃ ወፎች ሲያርፉ እያዩ ቆዩ። ስንገናኝ የምናወራው የነበረን አራታችንም ነበርን።

ገንዘቡን በተመለከተ ነዳጅን፣ ማደሪያን፣ ምግብን፣ ጀልባንና መሪን ለየብቻ ጽፋችሁ ከድምሩ ላይ አንድ አምስተኛ ለድንገተኛ ጨምሩ። የጀልባውን ዋጋ ከመሳፈር በፊት ተነጋገሩ፤ በሰው ነው ወይስ በጀልባ? ደርሶ መልስ ነው ወይ? በአንድ ቃል ምክንያት ጦርነት የተነሳበት አገር ነው! ጥሬ ገንዘብ፣ የሁላችሁንም መታወቂያና በወረቀት የተጻፉ ስልክ ቁጥሮች ያዙ፤ ኔትወርክ ሊጠፋ ይችላል።

የመጨረሻው ከሁሉም ይከብዳል። ጦርነት በ2014 ዓ.ም. በዚህ ምድር ላይ አልፏል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል የተነሳው ግጭትም መንገዱን አንድ ቀን ክፍት፣ ሌላ ቀን ዝግ ሲያደርገው ቆይቷል። ስለዚህ ዕቃ ከመጫናችሁ በፊት ሦስት ሰው ጠይቁ፤ እዚያው የሚኖር ዘመድ ወይም ወዳጅ፣ በዚያ መስመር የሚሠራ ሾፌር፣ የወረዳውን ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት። ከሦስቱ አንዱ “ዛሬ ባትመጡ” ካለ አትሂዱ። የቀረ ሽርሽር ሌላ ጊዜ ይደረሳል። ደሴና ኮምቦልቻ ላላችሁ ሰላም በሆነ ቀን ደርሶ መልስ ይበቃችኋል፤ ለጀማሪም ከሁሉ የሚመረጠው ይኸው ነው።

ሴት ልጄ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። ባለፈው ስትደውል “ሰላም ሲሆን ታናናሽ የአጎቴን ልጆች ሐይቅ እኔ ነኝ የምወስዳቸው” አለችኝ። ፕሮግራሙን ልጻፍልሽ ወይ አልኳት። “ይቻላል” አለችኝ፤ “ግዴታ ግን የለብህም።”

ቸር እንሰንብት።