«ጋሼ፣ መኪናዬን ዝቅ ላድርጋት?»

ሰሞኑን አንድ የአስኮ ልጅ፣ የታናሽ ወንድሜ ጓደኛ፣ «ጋሼ፣ እቁብ ደርሶኛል፤ ለቪትዜ ኮይልኦቨር ላስገጥምላት ነው፤ ምን ይሉኛል?» አለኝ።

ኮይልኦቨር ማለት ሞላው ሾኩ ላይ ተደርቦ በጥርሳም ቀለበት ከፍና ዝቅ የሚደረግ ዕቃ ነው። የቪትዝ የፊት እግርማ ድሮም ሞላና ሾኩ አንድ ላይ ነው፤ ቀለበቱ ብቻ ነው የሌለው። የኋላው ደግሞ ሞላው ለብቻ፣ ሾኩ ለብቻ።

«ቤትህ የት ነው?» አልኩት።

«ከብርጭቆ ገባ ብሎ።»

«ኮረኮንቹስ?» ሳቀ።

መኪና ዝቅ ስትል ሾኩ የሚወርድበት ቦታ ያጥራል፤ ጉድጓድ በገባች ቁጥር መጨረሻው ድረስ ሄዶ ይመታል። ሆዷም ለድንጋይ ይጋለጣል። እኔን እዚያው ሰፈር አንዲት ድንጋይ የዘይት መያዣውን ቀዳብኝ፤ ሳላውቅ ነዳሁና ሞተሩን በላሁት! እስካሁን ያንገበግበኛል።

ይልቅ ያለውን ሾክ እንይ ተባባልን። ጥጓን ተጭናችሁ ልቀቁ፤ ተመልሳ ቀጥ ካለች ደህና ናት፤ ሁለቴ ሦስቴ ከተወዛወዘች ሾኩ ሞቷል። የፊት ግራው ጭራሽ ዘይት አልቦታል። በቃ፣ ሶማሌ ተራ ወረድን። ነጠላ ሾክ አይቀየርም፤ ግራና ቀኙ እኩል ካልያዘ ፍሬን ሲያዝ መኪናዋ ታስቸግራለች። አሮጌውን ቀለም ቀብተው አዲስ የሚያስመስሉ አሉና ዘንጉን በእጃችሁ ጫኑት፤ ያለ ትግል ሰተት ካለ ጥላችሁ ሂዱ። የላይኛውን ላስቲክ አብራችሁ ቀይሩ፤ ሲያልቅም የጎማ አላይመንት አሠሩ።

ልጁ ጥንዱን ገዛ፤ እቁቡም ተረፈው። የኮይልኦቨሩ ፎቶ ግን አሁንም ስልኩ ላይ አለ፤ ትናንት ደብቆ ሲያየው ያዝኩት።