ኑጉ ሲሄድ፣ ዘይቱ ሲመጣ

ጎጃም፣ ቡሬ ገበያ ኑጉን የሸጠ ገበሬ ከዚያው ገበያ የፓልም ዘይት በጀሪካን ገዝቶ ይመለሳል። ኑጉን ያበቀለው እሱ ነው፤ ዘይቱ ግን ባሕር ተሻግሮ የመጣ ነው። የዚህን ንግድ ጉዳት ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ከመቶ ዓመት በፊት አስረድተውናል።

ገብረ ሕይወት አውሮፓ ተምረው የመጡ፣ ድሬዳዋ ላይ ነጋድራስ የነበሩ ሰው ናቸው። በ1911 ዓ.ም. አረፉ፤ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው መጽሐፋቸው በ1916 ዓ.ም. ታተመ። ሐሳባቸው እንዲህ ነው፦ ዕውቀትና መሣሪያ ያለው ሕዝብ በአጭር ጊዜ የሠራውን ዕቃ፣ ዕውቀት ያጣው ሕዝብ ብዙ ቀን የለፋበትን ምርት ሰጥቶ ይወስደዋል። ዋጋው የተስማማ ቢመስልም የተለዋወጡት ድካም እኩል አይደለም። ስለዚህ ጥሬውን ከመላክ ሠርቶ መሸጥ ይሻላል፤ ለዚህም መንግሥት በቀረጥ ሊያግዝ ይገባል። በዘመናቸው ግን በ1900 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጋር የተፈረመው ውል፣ በአብዛኛው የገቢ ዕቃ ላይ ከመቶ 10 በላይ ቀረጥ እንዳይጣል አስሮ ነበር።

ስለ ግብርም ተናግረዋል። ያኔ ገበሬው አሥራት የሚከፍለው በእህል ነው። ገማቹ እስኪመጣ ነዶው አውድማ ላይ ይቆያል፤ ዝናብ ይመታዋል፣ ምስጥ ይገባበታል። ገብረ ሕይወት ግብሩ አስቀድሞ ይታወቅ፣ በገንዘብ ይከፈል፣ የንጉሡና የመንግሥት ሀብትም ይለይ አሉ።

ሐሳቡ ትክክል ነው፤ ግን እምነት ይፈልጋል። በ1960 ዓ.ም. ጎጃም በእርሻ ገቢ ግብር ላይ የሸፈተው ግብር ጠልቶ ብቻ አይመስለኝም። ገማች የተባለው ሁሉ ርስቱን ሊለካበት፣ ለክቶም ሊነጥቀው የመጣ መስሎት ነበር። በመጨረሻ ጃንሆይ ጠቅላይ ገዢውን ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴን አነሡ፤ ውዝፉንም ማሩ።

ዛሬ የቀረጡ ነገር ተመልሶ መጥቷል። ኢትዮጵያ የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ለመሆን የጠየቀችው በ1995 ዓ.ም. ነው፤ የአፍሪካን ነፃ የንግድ ቀጣና ውል በ2011 ዓ.ም. አጽድቃለች። አባል የሚሆን አገር በየዕቃው «ከዚህ በላይ ቀረጥ አላስከፍልም» ብሎ ጣሪያ ያስቀምጣል። ጣሪያው ቡሬንም ይነካል፤ ትልቁ የፊቤላ ዘይት ፋብሪካ በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው እዚያ ነው። እንግዲህ ስለ ነፃ ንግድ የሚናገር ፖለቲከኛ ቡሬ ሲመጣ የሚጠየቀው ይህ ነው፦ የዘይቱ ቀረጥ ጣሪያ ስንት ነው? ለስንት ዓመት? ኑግ እዚሁ ከተጨመቀ ዘይቱ ብቻ አይደለም የሚቀረው፤ ፋጉሎውም ለገበሬው በሬ ይተርፋል።