ብርቅ ዕቃና ዋጋው

አንድ ዕቃ ብርቅ ሲሆን ዋጋው ይወደዳል፤ ነገር ግን ብርቅነቱ ዘላቂ መሆኑን ሳያጣሩ ገንዘብን በዕቃ ላይ ማሰር ለነጋዴ አደገኛ ነው። ለዚህም በአሜሪካ ያለው የፒንቦል ገበያ ምስክር ነው። ፒንቦል ሳንቲም ሲገባበት በመስታወት ሥር የብረት ኳስ የሚያንከባልል የመጫወቻ መኪና ነው።

የቺካጎው ዊሊያምስ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1997 ዓ.ም. «ሜዲቫል ማድነስ» የተባለውን ዓይነት አውጥቶ 4,000 ያህል ብቻ ሠራ፤ በ1999 ዓ.ም. ደግሞ የፒንቦል ሥራውን ፈጽሞ ዘጋ። ዕቃው ዳግመኛ አይሠራም ተብሎ ስለ ታመነ ሰብሳቢዎች ተሻሙበት፤ ዋጋውም እጅግ ናረ። ዳሩ ግን በ2013 ዓ.ም. ያው መጫወቻ እንደገና እንደሚሠራ ተነገረ፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮም አዲሱ ለገበያ ቀረበ። አሮጌውን ብቻ መግዛት ግድ የነበረበት ፈላጊ ምርጫ አገኘ።

በአንጻሩ በ1992 ዓ.ም. የወጣው «አዳምስ ፋሚሊ» ከ20,000 በላይ ቢሠራም ፈላጊ አላጣም። ቍጥር ብቻውን ዋጋን አይወስንም ማለት ነው።

ስለዚህ ብርቅ ዕቃ የሚገዛ ነጋዴ ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ ስንት ተሠራ? ስንት ሰው ይፈልገዋል? የመሥራት መብቱስ በማን እጅ ነው? ሦስተኛውን የዘነጋ፥ እህሉን በጎተራ ይዞ የዋጋ መወደድን ሲጠብቅ መኸር እንደ ደረሰበት ነጋዴ ይሆናል።