መሣሪያውና ወጌሻው

በመጋቢት ወር 1992 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት አንድ የ14 ዓመት ተማሪ ላክሮስ በሚባለው የኳስ ጨዋታ ግብ ይጠብቅ ነበር። የተወረወረበትን ኳስ በደረቱ መለሰ፤ ወዲያውም ወደቀ። የደረት መከላከያ ለብሶ ነበር፤ ነገር ግን በልብ ምት መካከል ባለች አንዲት ቅጽበት ደረት ላይ ያረፈ ኳስ ልብን ሊያናውጣት ይችላል። እንዲህ የሆነች ልብ ትንቀጠቀጣለች እንጂ ደም አትረጭም። መድኃኒቷ ዴፊብሪሌተር በሚባለው መሣሪያ የሚሰጥ የኤሌክትሪክ ንዝረት ነው። መሣሪያው በሜዳው ስላልነበረ ልጁ ሞተ።

ወላጆቹ በኀዘናቸው ሳይወሰኑ ስለ ታገሉ፥ ክፍለ ግዛቱ በ1994 ዓ.ም. የሕዝብ ትምህርት ቤቶች በየውድድራቸው መሣሪያውንና አጠቃቀሙን የተማረ ሰው እንዲያቀርቡ በሕግ አዘዘ።

ሰውም ከመሣሪያው ጋር መታዘዙ ያለ ምክንያት አይደለም። ያለ እርዳታ በሚያልፈው በእያንዳንዱ ደቂቃ የመዳን ተስፋ ከመቶ ከ7 እስከ 10 እጅ ይቀንሳል። በተቈለፈ ቢሮ የተቀመጠ መሣሪያ፥ ቁልፍ ያዡ እስኪፈለግ ድረስ ጌጥ ነው። ታኅሣሥ 24 ቀን 2015 ዓ.ም. በሲንሲናቲ ከተማ የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋቹ ደማር ሃምሊን ልቡ ቆሞ በወደቀ ጊዜ፥ የቡድኑ ረዳት ወጌሻ ዴኒ ኬሊንግተን ፈጥኖ ደረቱን መጫን ያዘ፤ መሣሪያውም ደረሰ፤ ተጫዋቹም ድኖ ወደ ሜዳ ተመለሰ።

ለባለጸጋ ቡድን የተገባው ጥንቃቄ ለተማሪውስ አይገባምን? የትምህርት ቤት ስፖርት በጀት የሚያቅድ ሹም ከኳሱና ከመለያው ዋጋ ጋር ይህንን ይጠይቅ፤ መሣሪያው የት ነው? የሚያውቀውስ ማን ነው? ጅብ ከሄደ በኋላ የሚጮኽ ውሻ ለማንም አይጠቅምም።